ነብር በሸንጎ ፊት፦ የዦርዥ ክሌማንሶ ሕይወትና ጠባይ

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1917 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር፣ የፈረንሳይ ሬፑብሊክ ፕሬዚዳንት ሬይሞን ፑዋንካሬ እጅግ የሚጠላውን ሰው ጠርቶ አገሩን በአደራ ለመስጠት ተገደደ። ጦርነቱ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር ጄኔራል ኒቬል ያዘዘው ታላቅ ማጥቃት ብዙ ደም አፍስሶ ከንቱ ከሆነ በኋላ፣ ብዙው የፈረንሳይ ሠራዊት ክፍል ምሽጋችንን እንጠብቃለን እንጂ ወደ ሞት አንነዳም ብሎ አምፆ ነበር፤ ሩስያ በአብዮት ተናውጣ ከጦርነቱ ልትወጣ ተቃርባለች፤ የኢጣልያ ሠራዊት በካፖሬቶ ድል ተነሥቶ ሸሽቷል፤ በፓሪስ ከተማም ከሰልና ዳቦ ተወድዶ ሐሜት ረክሶ፣ ሹማምንቱ ከጠላት ጋር በስውር ይላላካሉ የሚለው ወሬ ከቡና ቤት ወደ ምክር ቤት፣ ከምክር ቤት ወደ ጦር ሜዳ ይመላለስ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ወድቀዋል። ከፑዋንካሬ ፊት የቀሩት ሰዎች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው በድርድር ሰላም እንዲወርድ የሚፈልገው ዦዜፍ ካዮ፣ ሁለተኛው ደግሞ በየማለዳው በጋዜጣው ላይ ራሱን ፑዋንካሬን ሲሸነቍጥ የኖረው የ76 ዓመት ሽማግሌ ዦርዥ ክሌማንሶ። ፕሬዚዳንቱ ቂሙን ውጦ ሽማግሌውን መረጠ።

የክሌማንሶ ስም በአገራችን በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ላለፉት አረጋውያን እንግዳ ባይሆንም፣ ከእርሱ በኋላ የተነሡት የቸርችልና የደ ጎል ዝና ስለ ጋረደው ዛሬ የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። ወዳጆቹም ጠላቶቹም በአንድ ቃል ‹ነብሩ› ይሉት ነበር፤ ወዳጆቹ ድፍረቱን፣ ጠላቶቹም ነክሶ የማይለቅ መሆኑን እያሰቡ። እኔን የሚያስደንቀኝ ስለ ቍጣው ብዙ ሲጻፍ ስለ ልጓሙ ጥቂት መባሉ ነው፤ ይኸውም ዕድሜውን ሙሉ በአንደበቱና በብዕሩ ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ከመንበራቸው ሲያወርድ የኖረ ሰው፣ ተራው ደርሶ እርሱ ራሱ በመንበሩ ላይ በተቀመጠ ጊዜ፣ የጠላት መድፍ ፓሪስን በሚደበድብበት ሰዓት እንኳ ሌሎችን የጣለበትን የምክር ቤት በር በራሱ ላይ ክፍት አድርጎ መተዉ ነው።

የተወለደው በሴፕቴምበር 28 ቀን 1841 ዓ.ም. በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በቫንዴ አውራጃ፣ ሙዬሮን አን ፓሬ በምትባል መንደር ነው። ቫንዴ በታላቁ አብዮት ዘመን ስለ ንጉሥና ስለ ሃይማኖት ብሎ በሬፑብሊኩ ላይ ጦር ያነሣ፣ ከዚያም ወዲህ ካህኑንና ባላባቱን አክብሮ የኖረ አገር ነው። በዚህ ሕዝብ መካከል ግን አባቱ ሐኪሙ ቤንዣመን ክሌማንሶ ንጉሥ የማይወድ፣ ቤተ ክርስቲያንም የማይስም፣ ከጎረቤቱ ሁሉ የተለየ ሰው ነበረ፤ እናቱም ከፕሮቴስታንት ወገን ነበረች። ልጁ ብቻውን ቆሞ መከራከርን በትምህርት ቤት አልተማረም፤ ከቤቱ ይዞት ወጣ። በ1858 ዓ.ም. የሦስተኛው ናፖሌዎን ፖሊሶች አባቱን ይዘው ወደ አልጄርያ እንዲጋዝ ባዘዙበት ጊዜ (ኋላ ግን ሳይሻገር ተለቀቀ)፣ የ16 ዓመቱ ዦርዥ ‹እበቀልልሃለሁ› ቢለው፣ አባቱ ‹ልትበቀልልኝ ብትወድ ሥራ› ብሎ መለሰለት ይባላል። ነገሩ በዚህ ቃል ተነገረ ወይም አልተነገረ፣ ልጁ እንደ ተባለው አደረገ።

እርሱም እንደ አባቱ ሕክምናን ተማረ፤ በተማሪነቱም ለሰላማዊ ሰልፍ ሕዝብ ጠርተሃል ተብሎ በ1862 ዓ.ም. ከሁለት ወር በላይ በእስር ቤት ቈየ። ትምህርቱን ሲፈጽም የናፖሌዎን አገዛዝ ቢያስመርረው ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በዚያም ከርስ በርሱ ጦርነት ማግስት ከባርነት የወጡት ጥቁሮች መብት እንዴት እንደሚከራከሩበት ለአንድ የፓሪስ ጋዜጣ እየጻፈ፣ በኮኔቲከት አገር በስታምፎርድ ከተማ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና ፈረስ መጋለብ እያስተማረ ጥቂት ዓመታት ኖረ። ከተማሪዎቹም አንዲቱን፣ ሜሪ ፕላመርን፣ በ1869 ዓ.ም. አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ። የጋብቻው ፍጻሜ ግን ለስሙ ክብር የሚጨምርለት አይደለም፤ ራሱ በዚህ በኩል ከቶ ንጹሕ ሳይሆን፣ ሚስቱን በጥፋት አገኘኋት ብሎ ያለ ርኅራኄ ፈትቶ ወደ አሜሪካ አሰናበታት። ስለ ፍትሕ ለማያውቃቸው ሰዎች ሲሟገት የኖረ ሰው በገዛ ቤቱ ምሕረት የማያውቅ መሆኑን የሕይወቱን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ሊያልፈው አይገባም።

በሴፕቴምበር 1870 ዓ.ም. የናፖሌዎን መንግሥት በፕሩስያ ጦር ተሰብሮ ሬፑብሊክ በታወጀ ማግስት፣ ወጣቱ ሐኪም የሞንማርትር ሠፈር ከንቲባ ሆኖ ተሾመ። በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳይ አልዛስንና ሎሬንን ለጀርመን ባስረከበች ጊዜ፣ ይህን ርክክብ በመቃወም ከፈረሙት እንደራሴዎች አንዱ እርሱ ነበር። በማርች 18 ቀን ደግሞ መንግሥት የሞንማርትርን መድፎች ሊወስድ ወታደር ቢልክ ሠፈሩ ታወከ፤ ሕዝቡም ጄኔራል ለኮንትንና ጄኔራል ክሌማን ቶማን ይዞ፣ ከንቲባው ሊያስጥላቸው እየሮጠ ሳይደርስ በጥይት ገደላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ክሌማንሶ ሕዝብን ወደደ እንጂ የተቈጣ ሕዝብን አላመነም፤ ኋላ በሥልጣን ላይ ሳለ በሥራ ማቆም አድማ ላይ ያሳየውን ጭካኔ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

ከ1876 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ተቀምጦ የመንግሥታት አፍራሽ ሆነ። ንግግሩ አጭር፣ የተሳለ፣ ጌጥ የሌለው ነበር፤ ያ ዘመን ረዥም ንግግር የሚወደድበት ስለ ሆነ፣ እርሱ ሲነሣ ሰው የሚሰማው ነገር ስለት መምዘዝን ይመስል ነበር። ታላቁን ጋምቤታን ከጣሉት አንዱ እርሱ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ዡል ፌሪንም በእስያ ስለ ተደረገው የቶንኪን ዘመቻ በ1885 ዓ.ም. ጣለው። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ፌሪ ወደ ምክር ቤቱ ተመልሶ ‹ከፍ ያሉ ዘሮች ዝቅ ያሉትን የማሠልጠን መብት አላቸው› የሚል ትምህርት ባሰማ ጊዜ፣ ክሌማንሶ የሰጠው መልስ ለእኛ ለአፍሪካውያን ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው። የጀርመን ሊቃውንት ፈረንሳይ በ1870 ዓ.ም. የተሸነፈችው ፈረንሳዊው ከጀርመናዊው የሚያንስ ዘር ስለ ሆነ ነው ብለው በሳይንስ ስም ካስተማሩ ወዲህ፣ ማንንም ሰው ወይም ማንንም ሥልጣኔ ዝቅተኛ ነው ከማለቴ በፊት ሁለት ጊዜ አስባለሁ አለ፤ የሕንድንና የቻይናን ጥንታዊ ጥበብ ጠቅሶም፣ ጕልበትን ሥልጣኔ ብሎ መጥራት ግብዝነት መሆኑን ገለጸ። ይህን የተናገረው ሰው በ1918 ዓ.ም. የሴኔጋሉን እንደራሴ ብሌዝ ዲያኝን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ልኮ ከ60 ሺህ በላይ ጥቁር ወታደር ለፈረንሳይ ምሽግ አስመለመለ። የደም ግብር የከፈለ ሰው የዜጋ መብት ይገባዋል የሚል ተስፋ ለእነዚያ ወታደሮች ተሰጥቶ ነበር፤ ተስፋው ግን ለብዙዎቹ ተስፋ ሆኖ ቀረ።

ሌሎችን የጣለ ራሱም ወደቀ። የፓናማን ቦይ ለመቈፈር የተቋቋመው ማኅበር ብዙ ድኃ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ከሰረ፤ ነገሩ ሲመረመርም እንደራሴዎች ጉቦ መብላታቸው ታወቀ፤ ክሌማንሶ ጉቦ ሲበላ ባይገኝም፣ ጋዜጣውን በገንዘብ ይረዳ የነበረው ኮርኔልዩስ ሄርዝ የዚያ ተንኰል ዋና አቀናባሪ ሆኖ ተገኘ። በዲሴምበር 1892 ዓ.ም. ደሩሌድ የሚባለው እንደራሴ በምክር ቤት ፊት ስሙን ጠርቶ ቢከስሰው፣ እንደ ዘመኑ ወግ በሽጉጥ ተጋጠሙ፤ በኢላማ የታወቀው ክሌማንሶ ሦስት ጊዜ ተኵሶ ሳተ፤ ያኛውም ሳተ። በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ በቫር አውራጃ መራጮቹ ጣሉት። 52 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ዕዳ ነበረበት፤ የሚያውቁት ሁሉ ነገሩ አበቃ ብለው ነበር።

እርሱ ግን ብዕር አንሥቶ የጋዜጣ ጸሐፊ ሆነ፤ በእኔ አስተያየት ከሕይወቱ ዘመን የጦርነቱን ዓመት የሚወዳደር ይህ ብቻ ነው። አይሁዳዊው የጦር መኰንን ካፒቴን አልፍሬድ ድሬፉስ በ1894 ዓ.ም. ለጀርመን ምስጢር ሸጧል ተብሎ በተፈረደበት ጊዜ፣ ክሌማንሶም እንደ ሌላው ሁሉ ፍርዱን አምኖ ቅጣቱ አነሰ ብሎ የጻፈ ሰው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ማስረጃውን ሲያሳዩት አሳቡን ለወጠ፤ ከለወጠ በኋላም ወደ ኋላ አላለም። የኤሚል ዞላ ደብዳቤ በጃንዋሪ 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ‹ሎሮር› በሚባለው ጋዜጣ ሲወጣ፣ ‹እከስሳለሁ› የሚለውን አርእስት ያወጣለት ክሌማንሶ ነው። ስለዚሁ ነገር ከ600 በላይ ጽሑፍ ጽፎ በሰባት መጻሕፍት ታትሞአል። ድሬፉስን በግል አይወደውም ነበር፤ የሚሟገተው ስለ ሰውየው አልነበረም፤ ሠራዊት ከሕግ በላይ መሆን የለበትም ስለሚለው መሠረት ነበር እንጂ። ይህንንም መሠረት ከሃያ ዓመት በኋላ ጄኔራሎች በሚያዝዝበት ጊዜ አልረሳውም።

በ1906 ዓ.ም. የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ በዚያው ዓመትም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ እስከ 1909 ዓ.ም. ገዛ። ስለዚህ ዘመን ብዙ መናገር አያሻም፤ የማዕድን ሠራተኞችን፣ የደቡብ ወይን አምራቾችንና የድራቬይን አሸዋ ቈፋሪዎች ወታደር ልኮ በኀይል ስለ ጸጥ አሰኛቸው፣ የሶሻሊስቶቹ ጥላቻ እስከ መቃብሩ ተከተለው። ሥልጣኑንም ያጣው በገዛ ምላሱ ነው፤ በክርክር መካከል ተቈጥቶ ሊነገር የማይገባውን የመንግሥት ጉዳይ ቢናገር ምክር ቤቱ ድምፅ ነሣው።

ጦርነቱ በ1914 ዓ.ም. ሲጀመር ‹ነጻው ሰው› የሚባል ጋዜጣ ነበረው። የቈሰሉ ወታደሮች በእንስሳት ማጓጓዣ ባቡር ተጭነው ይበሰብሳሉ ብሎ ቢጽፍ ሳንሱር ጋዜጣውን አገደ፤ እርሱም ‹የታሰረው ሰው› የሚል አዲስ ስም አውጥቶለት እንደ ገና አሳተመው። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም የጦር ጉዳይና የውጭ ጉዳይ ኮሚሲዮኖች ሊቀ መንበር ሆኖ፣ ስለ መድፍ ማነስ፣ ስለ ጥይት መዘግየት፣ ስለ ሐኪም ጕድለት ሚኒስትሮቹን እየጠራ መረመረ። ጄኔራሎቹ ሲቪል ሰው ወደ ምሽግ ምን አመጣው ብለው ቢያጕረመርሙም እየሄደ በዓይኑ ያይ ነበር።

እንግዲህ ፑዋንካሬ የጠራው ይህንን ሰው ነበር። ኖቬምበር 16 ቀን መንግሥቱን አቋቋመ፤ የጦር ሚኒስትርነቱንም ለራሱ ያዘ፤ በወሩ 20ኛ ቀን በምክር ቤት ፊት ቆሞ አሳቡን ሲገልጽ 418 ድምፅ ደገፈው፣ 65 ተቃወመው። ለጦሩ ጉዳይ ጄኔራል ሞርዳክን፣ ለአገር ውስጡ ጉዳይ ዦርዥ ማንዴል የሚባለውን ብልህ ወጣት አጠገቡ አደረገ። ማለዳ ወፍ ሳይንጫጫ ተነሥቶ ወረቀት ያገላብጣል፤ ሠራተኞቹ ቢሮ ሲገቡ እርሱ የቀኑን እኩሌታ ሠርቶ ይቈያቸዋል። በማርች 8 ቀን 1918 ዓ.ም. ሶሻሊስቶቹ ፖሊሲህ ምንድን ነው ብለው ባፋጠጡት ጊዜ የሰጠው መልስ ከአገሩ አልፎ ታወቀ፤ ‹በአገር ውስጥ ፖለቲካ እዋጋለሁ፤ በውጭ ፖለቲካም እዋጋለሁ፤ ሁልጊዜ እዋጋለሁ› አለ። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የተናገረበትን ስፍራ ነው፤ ቃሉ የወጣው ከቤተ መንግሥት ዐዋጅ አይደለም፤ እንደራሴዎች በጠየቁትና ቢወዱ ሊሽሩት በሚችሉበት መድረክ ላይ ነው። የጦር ምስጢር ካልሆነ በቀር መንግሥትን መንቀፍን ይከለክል የነበረውን ሳንሱርም በእጅጉ አላላው። ትላንት በሳንሱር የተሰቃየ ሰው ዛሬ ሥልጣን ሲይዝ ይህን ማድረጉ በመንግሥታት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ልጓሙ የሚላላበትም ቦታ ነበር። ተቀናቃኙን ካዮን በጃንዋሪ 1918 ዓ.ም. አሳስሮ ፍርድ ሳያገኝ ሁለት ዓመት ያህል አቈየው፤ ኋላም ፍርድ ቤቱ አገሩን ከመክዳት ወንጀል ነጻ አድርጎ በቀለለ ጥፋት ብቻ ፈረደበት። የቀድሞው የአገር ግዛት ሚኒስትር ማልቪም በቸልተኝነት ተከስሶ አምስት ዓመት ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ስለ ድሬፉስ የጮኸው ብዕር ስለ እነዚህ ዝም አለ፤ ምክንያቱም የያዘው እጅ አሁን የከሳሽ እጅ ሆኖአል።

በጦር ሜዳ ግን ሌላ ሰው ይታይ ነበር። ጊዜ ባገኘ ቍጥር የተጨማደደ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ምርኩዙን ይዞ፣ በጭቃው ጕድባ ውስጥ እስከ መጨረሻው የዘብ ቦታ ድረስ ይሄዳል፤ መኰንኖቹ ተመለስ ቢሉት አይሰማም። በጁላይ 1918 ዓ.ም. በሻምፓኝ ግንባር የሆነውን ራሱ ኋላ ተርኮታል። የዚያ አገር አፈር ነጭ ኖራ ነው፤ ወታደሮቹ ከራስ ጠጕራቸው እስከ እግራቸው በኖራ ትቢያ ተለብጠው ከዋሻቸው ብቅ አሉ፤ ሊገጥማቸው ያለው የጀርመን ማጥቃት የቀናት ጉዳይ መሆኑን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ እንደማይተርፉ ያውቃሉ። አንደኛው ወደ ፊት ወጥቶ ከምሽጉ አፋፍ የለቀሙትን፣ ትቢያው ግንዱን ያነጣውን ጥቂት የሜዳ አበባ ሰጠው። ሽማግሌው ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይህ አበባ ከእኔ ጋር ይቀበራል አለ። ቃሉንም ጠበቀ፤ በኑዛዜው ላይ በሣጥኑ ውስጥ እንዲገባለት ካዘዛቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የደረቀው የወታደሮች አበባ ነበር።

ታላቁ ፈተና የመጣው በዚያው ዓመት በጸደይ ነው። በማርች 21 ቀን ጀርመኖች የእንግሊዝን ግንባር ሰበሩ፤ ከሁለት ቀን በኋላ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቆመ መድፍ ፓሪስን ይደበድብ ጀመር፤ በዕለተ ስቅለት ምእመናን ለጸሎት ተሰብስበው ሳሉ በሳን ዠርቬ ቤተ ክርስቲያን ላይ ጥይት ወድቆ ከ80 በላይ ነፍስ ጠፋ። ከዚያ ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ በማርች 26፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ መሪዎችና ጄኔራሎች ዱለን በምትባል ከተማ ተሰብስበው ነበር። ጄኔራል ፔታን ፊቱ ጨልሞ፣ ጀርመኖቹ እንግሊዞቹን፣ ቀጥለውም እኛን ያሸንፉናል ማለቱን ክሌማንሶ ለፑዋንካሬ ገልጦ ጄኔራል እንዲህ ሊናገር ይገባዋልን ብሎ ተቈጣ፤ ጄኔራል ፎሽ ግን አንዲት ስንዝር አንለቅም ይል ነበር። የሁለቱ ሠራዊቶች መተባበር ለፎሽ አደራ ተሰጠ። ወዲያው በምሳ ማዕድ ላይ ክሌማንሶ ‹የተመኘኸውን ሹመት ይኸው አገኘህ› ብሎ ሲወጋው፣ ፎሽም የተሸነፈ ጦርነት ሰጥታችሁኝ አሸንፍ ትሉኛላችሁ ብሎ መለሰለት። ክሌማንሶ የሚሾመውን ሰው እንኳ ሳይነክስ አይሾምም ነበር።

በሜይ 27 ቀን ደግሞ የሸማን ዴ ዳም ግንባር በአንድ ቀን ተደርምሶ ጠላት ወደ ማርን ወንዝ ደረሰ፤ ከፓሪስ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር። እንደራሴዎቹ ጥፋተኛው ጄኔራል ይቀጣ ብለው ጮኹ። ፎሽንና ፔታንን አሳልፎ መስጠት ለእርሱ ቀላል ነበር፤ የዘመኑም ወግ ይህ ነበር። እርሱ ግን በጁን 4 ቀን መድረኩ ላይ ወጥቶ፣ ጥፋት ካለ ጥፋቱ የመንግሥቱ ነውና እኔን አባርሩኝ፣ የሚዋጉትን ሰዎች ግን አልሰጣችሁም አለ፤ ጩኸቱ እየበረታ፣ እርሱም እየጠበቀ፣ እየደገመ ተናገረ። 377 ድምፅ ደገፈው፣ 110 ተቃወመው። በዚያ ዓመት ከእርሱ ጋር ግንባሩን የዞረው ቸርችል፣ በፓሪስ ፊት፣ በፓሪስ ውስጥ፣ ከፓሪስም በስተ ኋላ እዋጋለሁ ማለቱን ከአፉ ሰምቶ ጽፎታል። ይኸው ቸርችል በ1940 ዓ.ም. ተራው ሲደርስበት ከማን ትምህርት እንደ ተቀበለ ለመገመት ብዙ ጥበብ አያስፈልግም።

በኖቬምበር 11 ቀን ጦርነቱ ቆመ፤ ከሰዓት በኋላ ክሌማንሶ የውሉን ቃል በምክር ቤት አንብቦ ለአልዛስና ለሎሬን ሰላምታ ሰጠ። ርክክቡን በ1871 ዓ.ም. ከተቃወሙት እንደራሴዎች መካከል ያን ቀን በሕይወት የቀረው እርሱ ነበር። ሕዝቡ የድል አባት አለው። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1919 ዓ.ም. ማለዳ ከቤቱ በአውቶሞቢል ሲወጣ ኮታን የሚባል ወጣት ደጋግሞ ተኵሶበት አንዲት ጥይት ሳንባው አጠገብ ገብታ ቀረች፤ ሐኪሞቹም ሊያወጧት አልደፈሩም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ በሰውነቱ ይዟት ኖረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወደ ሥራው ተመለሰ። ኮታን ሞት ቢፈረድበት ራሱ ክሌማንሶ አማልዶ ወደ 10 ዓመት እስራት አስለወጠለት። ኮታን በተፈረደበት በዚያው ወር የሶሻሊስቱን መሪ የዦሬስን ገዳይ ሌላ የፓሪስ ችሎት በነጻ ማሰናበቱን ስናስብ፣ ከዳኞቹ ይልቅ የተወጋው ሰው ለርትዕ ቀርቦ ተገኝቷል።

በሰላሙ ጉባኤ ግራጫ ጓንት እጁን ሸፍኖ፣ ጥቁር ቆብ ደፍቶ በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በዊልሰንና በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በሎይድ ጆርጅ መካከል ተቀመጠ። ፎሽ ጀርመን ከራይን ወንዝ ማዶ ትወሰን ቢል፣ ክሌማንሶ አሜሪካና እንግሊዝ ፈረንሳይን ሊጠብቁ ቃል ከገቡ ይበቃል ብሎ ተወው፤ የአሜሪካ ሴኔት ውሉን አላጸድቅም ሲል ግን ያ ቃል ሁሉ ባዶ ሆነ። ክንድ የሌለው የመንግሥታት ማኅበር ሰላም ይጠብቃል በሚለው እምነትም ልቡ አልተማረከም። በዚህ በኩል ጥርጣሬው የተፈጸመው በእኛ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. በሙሉ ተስፋ የገባችበት ያ ማኅበር ምን ያህል እንደ ጠቀማት በ1936 ዓ.ም. ታየ፤ ሂትለር ጦሩን ወደ ራይን አገር ባስገባ በ24ኛው ቀን የማይጨው ውጊያ ሆነ፤ የማኅበሩ መቀመጫ ዤኔቭም ሁለቱንም ቆማ ተመለከተች።

ውሉ በጁን 28 ቀን 1919 ዓ.ም. በቬርሳይ የመስተዋት አዳራሽ ሲፈረም፣ ክሌማንሶ ፊታቸው በጦርነት የተቈረሰ አምስት ወታደሮችን በአዳራሹ ውስጥ አስቆማቸው። ሊፈርሙ የመጡት የጀርመን መልእክተኞች ሳያዩአቸው አላለፉም። ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የጦርነትን ዋጋ ለዲፕሎማቶች ማሳየት ጭካኔ አይመስለኝም፤ ጭካኔው የድል አድራጊው ዲፕሎማቶችም ፊት እኩል አለመዞሩ ላይ ነው።

በጃንዋሪ 1920 ዓ.ም. ለሬፑብሊኩ ፕሬዚዳንትነት ቢታጭ በቅድመ ምርጫው ተወዳዳሪው ዴሻኔል 408 ድምፅ አግኝቶ እርሱ በ389 ቀረ፤ ካህናቱ ሃይማኖት የለውም፣ ሶሻሊስቶቹ ደም አለበት፣ የቀሩት ደግሞ አንደበቱን ሠጉት። ወዲያው ራሱን አገለለ። (ዴሻኔል በዚያው ዓመት ሌሊት በሌሊት ልብስ ከባቡር ወድቆ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም በሕመም ምክንያት ሥልጣኑን ለቀቀ።) ክሌማንሶ ሕንድን ዞረ፤ በ81 ዓመቱ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ስለ ፈረንሳይ ተናገረ፤ ከዚያም በአትላንቲክ ዳር በተከራያት ቤት አበባ እየተከለ ኖረ። ወዳጁ ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ጦርነቱ በቆመ ማግስት ለመንግሥት ሥዕል ሊሰጥ ቃል ገብቶለት ነበር፤ ሠዓሊው ዓይኑ እየጠፋ ተስፋ ሲቈርጥ፣ ክሌማንሶ እየተቈጣ እየለመነ በኦፕራሲዮን እንዲታከም አስገደደው። ሞኔ በ1926 ዓ.ም. ሲሞት በሣጥኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ ቢያይ፣ ለሞኔ ጥቁር አይገባም ብሎ አንሥቶ በአበባ ያጌጠ ጨርቅ አለበሰለት ይባላል። ፎሽ በ1929 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ እርሱን የሚነቅፍ የፎሽ ቃል በመጽሐፍ ቢወጣ፣ የ87 ዓመቱ ሽማግሌ ለሟቹ መልስ ሊጽፍ ተቀመጠ፤ እርማቱን ሳይጨርስ በኖቬምበር 24 ቀን በዚያው ዓመት ሞተ። ያለ ሥርዐተ ቀብር በቫንዴ ከአባቱ ጎን እንዲቀብሩት አዝዞ ነበር።

ከ11 ዓመት በኋላ ፈረንሳይ እንደ ገና ስትወድቅ በመድረኩ ላይ የታዩት ሁለቱም የእርሱ ሰዎች ነበሩ። በዱለን ፊቱ የጨለመው ፔታን በ84 ዓመቱ ከጀርመን ጋር ዕርቅ ጠየቀ፤ በጁላይ 10 ቀን 1940 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በቪሺ ከተማ በቁማር ቤቱ ቲያትር አዳራሽ ተሰብስበው፣ በ569 ድምፅ ሥልጣኑን ሁሉ ለእርሱ አስረክበው ተበተኑ፤ የተቃወሙት 80 ብቻ ነበሩ። ማንዴል በዚያ ቀን ድምፅ ሊሰጥ አልቻለም፤ ጦርነቱን ከሰሜን አፍሪካ ለመቀጠል በመርከብ ወደ ሞሮኮ ተሻግሮ ሳለ እዚያው አግደውት ነበርና። ከእስር ወደ እስር ሲያዛውሩት ቈይተው፣ በጁላይ 1944 ዓ.ም. ፓሪስ ነጻ ልትወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራት፣ የቪሺ ሚሊሻዎች በፎንቴንብሎ ጫካ ገደሉት።